በኒው ላናርክ ያየነውና የተነጋገርነው

እኛ ባልና ሚስት ነን፤ ይህንንም ጽሑፍ ያዘጋጀነው አንዳችን ስንናገር ሌላችን እያረምን ነው። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን፣ በአንድ ቀን ተኩል ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ከገቡት ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን መካከል ነበርን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን። ዛሬ ጠጉራችን ሸብቷል፤ የልጅ ልጅም አይተናል።

በመርከዝ ክሊታ የሚኖሩ አዲስ ገቢ ቤተሰቦች ሲያገኙን ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ። «ስለ ልጆቻችን የሚነግሩንን ሁሉ እሺ እንበል ወይስ እንቢ?» ይሉናል። መልሱ በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር ስላየናት አንዲት ትንሽ መንደር እናውጋችሁ፤ ለጥያቄው ያለን መልስ ከዚያ ውስጥ ይገኛል።

ልጃችን የምትኖረው በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ከተማ ነው። ባለቤቷ የዚያው አገር ሰው ነው፤ ልጃቸው ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እኛ እንግሊዝኛ አናውቅም፤ እሱ አማርኛ አያውቅም፤ ዕብራይስጡም ከጥቂት ቃላት አያልፍም። ልንጠይቃቸው ሄደን ሦስት ሳምንት አብረን ስንቀመጥ ከልጁ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን ሄድን፣ ተሳሳቅን፣ ኳስ አቀበልነው እንጂ ወግ አላወጋንም። ተረት የማይነግሩት የልጅ ልጅ እንዴት ያለ ነገር ነው! ይህ ጉዳይ ልባችንን ይከነክነን ነበር፤ ነገር ግን ለልጃችን ትንፍሽ አላልንም። በእኛ ቤት ሳይነገር የቀረ ነገር ብዙ ነው።

አንድ እሑድ አማቻችን «አንዲት መንደር ላሳያችሁ» ብሎ በመኪናው ይዞን ወጣ። በመንገዳችን ላይ ልጃችን እያስተረጐመች ስለ ጄምስ ብሩስ አጫወተን። ብሩስ በ1730 በስኮትላንድ የተወለደ መንገደኛ ሲሆን፣ በ1770 ጎንደር ገብቶ እስከሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ድረስ በዚያ ቆይቷል። ወደ አገሩ ተመልሶ በ1790 ጉዞውን በአምስት ትልልቅ መጻሕፍት በኤዲንብራ አሳተመ። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ስለ እኛ ሕዝብ፣ ስለ ነገሥታቱና ስለ ሃይማኖቱ ጽፏል። እንግዲህ የአያቶቻችን ወሬ እኛ ከመወለዳችን በፊት በዚያ አገር ተነብቦ ነበር ማለት ነው። መጽሐፉን ያነቡ የነበሩት ስኮትላንዳውያንም በዚያው ዘመን የራሳቸው አገር ሰው ከመንደሩ እየተነቀለ ሲሰደድ ያዩ ነበር። ባለርስቶች የመሬቱን ኪራይ ያስወድዱ፣ እርሻውንም ለበግ ግጦሽ ያደርጉት ነበርና። በሌላ በኩል ደግሞ ባለርስቶችና ነጋዴዎች መንገዱን በገመድ ለክተው፣ የቤቱን ቦታ ከፋፍለው፣ ማን ምን ሠርቶ እንደሚኖር አስቀድመው ወስነው በመቶዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ መንደሮች በመላው ስኮትላንድ አቋቋሙ። ልናይ የሄድነው ከእነዚህ አንዷን ነበር።

ስሟ ኒው ላናርክ ይባላል፤ አዲሲቱ ላናርክ ማለት ነው። አሮጌይቱ ላናርክ ከዳገቱ ላይ ያለች ጥንታዊ የገበያ ከተማ ናት። ከግላስጎው በስተደቡብ ምሥራቅ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። መኪናውን ከላይ አቁመን በእግራችን ቁልቁል ወረድን። መንደሯ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነች ከሩቅ አትታይም። መጀመሪያ የሰማነው የውሃ ድምፅ ነው። ቀጥሎ በዛፎቹ መካከል ጣራዎችና የጭስ መውጫዎች፣ ከዚያም ረጃጅም የድንጋይ ሕንፃዎች ብቅ አሉ። ክላይድ የተባለው ወንዝ ከበላይ ከፏፏቴ ወደ ፏፏቴ እየወረደ ይመጣና በሕንፃዎቹ ሥር ያልፋል።

ቆም ብለን ተያየን። በጎንደር መንደሮቻችን ወንዝ ዳር ነበሩ፤ ለመንጻት የሚፈስ ውሃ ያስፈልገን ነበርና። ቦታው አገራችንን አስታወሰን። እነዚህ ሰዎች ግን ወንዙን የፈለጉት መዘውር እንዲያዞርላቸው ነው። በ1785 ዴቪድ ዴል የተባለ የግላስጎው ነጋዴ፣ በውሃ ኃይል የሚዞር የጥጥ መፍተያ ካወጣው እንግሊዛዊ ከሪቻርድ አርክራይት ጋር ተስማምቶ በዚህ ሸለቆ ፋብሪካ ማሠራት ጀመረ። በ1786 መፍተል ተጀመረ። በ1788 የመጀመሪያው ፋብሪካ በእሳት ቢጋይም ወዲያው እንደገና ተሠራ። ሸለቆው ግን ሰው አልነበረበትም። ስለዚህ ዴል ከፋብሪካው ጋር ቤቶች አሠራ፤ ከዚያም የሚኖርባቸውን ሰው መፈለግ ጀመረ።

ሰዎቹ ከየት እንደመጡ ስንሰማ ጆሯችንን አቆምን። በ1791 ስካይ ከተባለችው ደሴት ወደ አሜሪካ ሊሰደዱ በመርከብ ተሳፍረው የነበሩ ሰዎች ማዕበል መታቸውና መርከቢቱ ግሪኖክ ወደተባለው የስኮትላንድ ወደብ ተመለሰች። አገራቸውን ለቀዋል፤ ካሰቡበትም አልደረሱም። ዴል ይህን በሰማ ጊዜ ሰው ልኮ «ሥራና ቤት እሰጣችኋለሁ» አላቸው፤ ብዙዎቹም መጡ። ከሰሜን ጫፍ ካለው ኬትነስ ከሚባለው አውራጃም ሌሎች ተከተሉ። ቋንቋቸው ጌሊክ ነበር፤ እንግሊዝኛ የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። ዛሬም በመንደሯ ውስጥ አንዱ የቤቶች ረድፍ «የኬትነስ ረድፍ» ተብሎ ይጠራል። በዚያ ረድፍ ፊት ቆመን ብዙ ጊዜ ቆየን። አርሶና ከብት አርብቶ ይኖር የነበረ ሰው፣ ከአንድ ደወል ወደ ሌላ ደወል መኖር ሲጀምር ምን እንደተሰማው ማንም ሊነግረን አላስፈለገም። እኛም በመጀመሪያው ዓመት የሰዓት ነገር ግራ አጋብቶን ነበር።

ከእነዚህ ስደተኞች ሌላ ከኤዲንብራና ከግላስጎው የመጡ ወላጅ የሌላቸው ልጆች ነበሩ። በ1790ዎቹ መጨረሻ ቁጥራቸው ወደ 500 ይደርስ ነበር። በአገራችን ሰዓት ስንቆጥረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ይሠሩ ነበር፤ በመካከሉ ለምግብ አንድ ሰዓት ተኩል ይሰጣቸዋል። ከሥራ በኋላ ደግሞ ትምህርት ነበራቸው። በዚያ ዘመን ከነበሩት አሠሪዎች ሁሉ ዴል በደግነቱ የታወቀ ሰው ነበር። ንጹሕ አልጋ፣ በቂ ምግብና ልብስ ይሰጣቸው ነበር፤ በአንድ አልጋ ላይ ግን ሦስት ሆነው ይተኙ ነበር። ልጃችን ይህን ስታስተረጉምልን ድምፅዋ ለአፍታ ተቋረጠ። ያን ጊዜ ነገሩን ልብ አላልነውም።

ከ1800 ጀምሮ መንደሯን ያስተዳደረው የዴል አማች ሮበርት ኦዌን ነው። ኦዌን በ1771 በዌልስ የተወለደ የኮርቻ ሠሪ ልጅ ነው፤ ራሱም በአሥር ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ ለሥራ የተላከ ልጅ ነበር። አሥር ዓመት ያልሞላቸው ልጆች በፋብሪካ እንዳይሠሩ አደረገ። ወላጅ የሌላቸውን ልጆች እያመጡ ማሠራትንም አስቀረ። የሥራውን ጊዜ የምግቡን ሰዓት ሳይጨምር ወደ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ አወረደው። ቀድሞ በመንደሯ የነበሩት ሱቆች መናኛ ዕቃ በውድ ዋጋና በዱቤ ይሸጡ ነበር፤ እርሱ ግን ጥሩ ዕቃ በጅምላ እየገዛ በርካሽ የሚሸጥ አንድ ሱቅ ከፈተ፤ ትርፉም ለትምህርት ቤቱ ማሠሪያና ማስተዳደሪያ ዋለ። ሠራተኛው ሁሉ ከደመወዙ ከስድሳ አንዱን እጅ ለበሽታና ለእርጅና መጠባበቂያ ያዋጣ ነበር። እዚህ አገር ለኩፓት ሆሊም ከደመወዛችን ሲቀነስ የምናጉረመርም ሁሉ እንዲህ ያለ መዋጮ ያን ጊዜም እንደነበረ ብናውቅ መልካም ነው። ከዚህች መንደር የወጣው አሳብ በ1844 በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በተባለች ከተማ የኅብረት ሱቅ ላቋቋሙት ሠራተኞች መነሻ ከሆኑት አንዱ ነው።

ይህን ሁሉ ያደረገውን ሰው ሕዝቡ ወዲያው ወደደው ብላችሁ እንዳታስቡ። ለዓመታት በጥርጣሬ አዩት። እርሱ የባዕድ አገር ሰው ነው፤ ያመጣውም ነገር አዲስ ነው። ያመኑት በችግር ጊዜ ነው። አሜሪካ ጥጥ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በከለከለች ጊዜ ፋብሪካዎቹ ለአራት ወር ያህል ቆሙ። ኦዌን አንድም ሠራተኛ ሳያባርር ሙሉ ደመወዝ ከፈላቸው፤ ወጪውም ከ7,000 ፓውንድ በላይ እንደነበረ ራሱ ጽፏል። ከዚያ በኋላ ልባቸውን ሰጡት። መተማመን የመጣው በችግር ቀን ባዩት ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ በዚያች መንደር ያየነው ሁሉ ደስ አላሰኘንም። በፋብሪካው ውስጥ በየሠራተኛው አጠገብ አንዲት ትንሽ እንጨት ትንጠለጠል ነበር። አራት ጐን አላት፤ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ብጫና ነጭ። ሠራተኛው በትናንትናው ዕለት እንዴት እንደሠራ በቀለሙ ይታያል፤ ጥቁር መጥፎ፣ ነጭ እጅግ በጣም ጥሩ ነው። ዱላ የለም፣ ስድብ የለም፤ ግን የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ያይሃል። ደግሞም የየቤቱን ንጽሕና እየዞሩ የሚመረምሩ ሰዎች ተመደቡ። ሴቶቹ ተናደዱና «ትኋን አዳኞች» የሚል ስም አወጡላቸው። ይህን ስንሰማ ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን። አማቻችን ለምን እንደሳቅን አልገባውም። በመጀመሪያ ሰፍረንበት በነበረው ቦታ ማቀዝቀዣችንን ከፍታ ያየች ሴትዮ ነበረችና እርሷን አስታውሰን ነው። ክፋት አልነበራትም። ግን ቤቱ የእኛ ይሁን የእርሷ ሳናውቅ ነው የወጣችው።

በሌላ ክፍል ደግሞ የሠራተኛ ቤት እንደነበረ ተደርጎ ተዘጋጅቷል። አንድ ቤተሰብ በአንድ ክፍል ይኖር ነበር፤ ትልቁ አልጋ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ የልጆቹ አልጋ ቀን ቀን ከሥሩ ይገፋል፣ ማታ ማታ ይሳባል። መንደሯ ከ1898 ጀምሮ በወንዙ ኃይል የሚመጣ የኤሌክትሪክ መብራት ነበራት፤ ከብዙ የአገሩ መንደሮች ቀድማ ማለት ነው። ነገር ግን መብራቱን የሚያበራውና የሚያጠፋው ፋብሪካው ነበር። በአገራችን ሰዓት ማታ 4 ሰዓት ሲሆን የሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ይጨልማል፤ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ይጨመርላቸዋል። በዕቅድ የተሠራች መንደር ማለት እንግዲህ ይህ ነው። መብራት ይሰጡሃል፤ መቼ እንደምትተኛ ግን እነርሱ ይወስናሉ።

ከዚያ ወደ መፍተያው ገባን። ዛሬ ጥጥ ቀርቶ ሱፍ ይፈተልበታል። በመቶ የሚቆጠሩ እንዝርቶች በአንድ ረድፍ ተደርድረው ወደፊት ይሄዳሉ፣ ወደኋላ ይመለሳሉ። ከሁለታችን አንዳችን ከልጅነቷ ጀምሮ ጥጥ ስታዳምጥ፣ በደጋን ስትነድፍ፣ እንዝርት ስታሾር ያደገች ናት፤ ሌላው ደግሞ የሸማኔ ልጅ ነው። ስለ ፋብሪካው ታሪክ ሲነግሩን ተማሪዎች ነበርን፤ በእንዝርቱ ፊት ስንቆም ግን ባለሙያዎች ሆንን። ክሩ የት ላይ እንደሚቀጥን፣ የት ላይ እንደሚበጠስ ገና ሳይበጠስ እናይ ነበር። አጠገቡ ቅርጫት ውስጥ ሰው እየዳሰሰ እንዲያየው የተቀመጠ ያልተፈተለ ሱፍ ነበር። እናትየዋ ቁንጥር አድርጋ ወሰደችና በጣቶቿ መካከል አጠነጠነችው፤ ክር ሆነ። ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ አየ። ከዚያ እናቱ ሳትናገር እጇን ሰደደችና እርሷም ቁንጥር ወሰደች። ጎንደር ሳለን አያቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣ መፍተል ተምራ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ እንዝርት አልነካችም፤ ጣቷ ግን አልረሳውም።

የመኪናውን ስም ስንጠይቅ «በቅሎ» ነው አሉን። ከእርሱ በፊት ከነበሩት ከሁለት ዓይነት መፍተያዎች ተዳቅሎ ስለተሠራ ነው እንዲህ የተባለው። አባትየው ወዲያው «በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ» ብሎ ተረተና ሳቀ። ልጃችን ግን አልሳቀችም።

በመጨረሻ የገባንበት ትምህርት ቤቱ ነው። ኦዌን ትልቁን የትምህርት አዳራሽ የከፈተው ጥር 1 ቀን 1816 ነው። መራመድ የቻለ ሕፃን ሁሉ ይገባበት ነበር። ልጅ መምታት ክልክል ነው፤ ክፉ ቃል መናገርም ክልክል ነው። ሕፃናቱን በመጽሐፍ አያስጨንቋቸውም፤ በግድግዳው ላይ በተሰቀሉ የእንስሳት ሥዕሎችና ትልልቅ ካርታዎች ያስተምሯቸው ነበር። ዘፈንና ጭፈራም ትምህርት ነበር። ማታ ማታ ትልልቆቹ ሰዎች ከሥራ በኋላ በዚያው ይማሩ ነበር። ይህን ለማየት ከብዙ አገር በሺህ የሚቆጠር ሰው መጥቷል፤ በኋላ የሩሲያ ንጉሥ የሆነው ኒኮላስም በ1816 ጐብኝቶታል። የኦዌን እምነት የሰውን ጠባይ የሚሠራው ሰውየው ራሱ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ኑሮ ነው የሚል ነበር። ስለዚህም ልጆቹ ገና ካልተማሩት ወላጆቻቸው ስሕተት በጊዜ መጠበቅ አለባቸው ብሎ ጽፏል።

አማቻችን ይህን የመጨረሻውን ሲያነብ ልጃችን ሳታስተረጉም ዝም አለች። እኛም ምን አለ ብለን ጠየቅን። ከረጅም ዝምታ በኋላ ነገረችን። ቀጥላም በእንግሊዝኛ ባሏን አንድ ነገር ጠየቀችው፤ እርሱም ራሱን ነቀነቀ። «እነዚህ ልጆች ማታ ማታ እቤታቸው ይገቡ ነበር ወይ ብዬው ነው» አለችን። «ይገቡ ነበር፤ ወላጆቻቸው እዚያ ማዶ ነበሩ» አለን።

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ለዓመታት ሰምተነው በማናውቀው ርዝመት በአማርኛ ተናገረች። «እኔ ግን ማታ የምገባበት ቤት አልነበረኝም። እናንተ ጋ በወር አንድ ጊዜ ስመጣ ዝም ትሉኝ ነበር። መሥሪያ ቤት ይዛችሁኝ ሄዳችሁ አስተረጉምላችኋለሁ፤ ወረቀት አነብላችኋለሁ። በአሥራ ሦስት ዓመቴ የቤቱ ትልቅ ሰው እኔ ሆንሁ። ሌሎቹ ልጆች ወላጆችሽ ምን ይሠራሉ ሲሉኝ ወሬ እለውጥ ነበር። እኔም እንደ በቅሎው ነበርሁ። ልጄን አማርኛ ያላስተማርሁት ጠልቼው አይደለም። ቋንቋው ሲመጣብኝ ያ ዝምታ አብሮ ይመጣብኛል። ወዳችሁ የሰጣችሁኝ ይመስለኝ ነበር።»

ውድ አንባቢያን፣ ታሪኩን አጭር እናድርገው። አገር በገባን በጥቂት ወራት ውስጥ ልጃችሁ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ እዚህ ፕኒሚያ በምንለው ቦታ ብትገባ ይሻላታል አሉን። ወረቀት ቀረበልን። ማንበብ አንችልም ነበር፤ የሚያነብልን ሰውም አልጠየቅንም። ፈረምን። ያስፈረሙን ሰዎች ክፉ ነበሩ አንልም፤ ልጃችንም በዚያ ትምህርት ለቁም ነገር በቅታለች፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን አውቶቡሱ የሄደ ዕለት ምን እንደሆነ ለማንም ነግረን አናውቅም ነበር። በዚያ በትምህርት ቤቱ አግዳሚ ላይ ነገርናት።

«ልጃችን ሆይ፣ አውቶቡሱ ከዓይናችን እስኪሰወር ቆመን ቀረን። ከዚያ ክፍላችን ገብተን በሩን ዘግተን አለቀስን። እራት አልቀረበም። የተኛሽበትን አንሶላ አንድ ወር ሙሉ ሳናጥበው አቆየነው፤ ጠረንሽ እንዳይጠፋብን» አልናት።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች።

«ልብሽ እንዳይከፈል፣ ትምህርትሽን እንድትጨርሺ ብለን ነው» አልናት። ይህ እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ሙሉውን ለመናገር ሁለታችንም ተያየን። «አፍረንም ነው። ለልጃችን የሚበጀውን እኛ አናውቅም፤ የተማሩት ሰዎች ያውቃሉ ብለን አመንን። ማንም ሳያስገድደን አመንን። የበደልንሽ ይህ ነው» አልናት።

እሷ አለቀሰች፤ እኛም አለቀስን። የትምህርት ቤቱን ጠባቂ ደንገጥ አድርገነው ይሆናል። ልጁ መጥቶ እናቱን ምን ሆናችሁ ብሎ ጠየቃት፤ በቋንቋው ብዙ ነገር ነገረችው። ምን እንዳለችው አልሰማንም፣ አልጠየቅንምም። ልጁ ወደ እኛ ዞሮ ያቺን አያቱ ያጠነጠነችለትን ክር ከኪሱ አወጣና እያሳየን በዓይኑ ጠየቀን። «ክር» አልነው። «ክር» አለ።

ከመንደሯ ወጥተን በወንዙ ዳር ሽቅብ እስከ ትልቁ ፏፏቴ ሄድን። ኮራ ሊን ይባላል። በመንገድ ላይ «ውሃ» አልነው፣ «ድንጋይ» አልነው፣ «ዛፍ» አልነው። እናቱ ከኋላ ሆና አንዳንዱን ራሷ ትጨምር ነበር። አሁን ዓርብ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስልክ እንደዋወላለን። የሚያውቀው ቃል ገና ብዙ አይደለም። «ሰንበት ሰላም» ብሎ ሲጀምር ግን ከእናቱ ድምፅ ቀድሞ የእርሱን እንሰማለን።

የመንደሯ መጨረሻ ምን ሆነ የሚል ይኖራል። ኦዌን በ1825 በአሜሪካ፣ በኢንዲያና ሌላ መንደር በዚሁ አሳብ ለማቋቋም ሞከረ፤ ከጥቂት ዓመታት በላይ አልቆየም። ኒው ላናርክ ግን ባለቤት እየቀያየረች እስከ 1968 ድረስ መፍተሏን ቀጠለች። ፋብሪካው ሲዘጋ ቤቶቹ ሊፈርሱ ደርሰው ነበር፤ ለመንደሯ የተቆረቆሩ ሰዎች ተሰባስበው ከ1970ዎቹ ጀምሮ አንድ በአንድ አደሷቸው። በ2001 ዩኔስኮ ከዓለም ቅርሶች መዝገብ አስገባት። ዛሬም ሰው ይኖርባታል። በኬትነስ ረድፍ መስኮት ላይ የአበባ ተክል አይተናል፤ ልብስም ተሰጥቶ ነበር። የመንደሯን ካርታ ያወጣው አንድ ነጋዴ ነው፤ ቤት ያደረጓት ግን ማዕበል የመለሳቸውና ከሩቅ የመጡ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ እንመለስ። በእናንተ ፊት የሚቀርበው ወረቀት ከእኛው የተለየ ሊሆን ይችላል፤ የትምህርት ቤት ምደባ፣ የልዩ ክፍል፣ የቤት ቦታ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም እንቢ በሉ አንልም። እዚህ አገር ለልጆቻችን የሚያስቡ ብዙ ቅን ሰዎች አሉ፤ ኦዌንም ቅን ሰው ነበር። እኛ የምንለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የማታነቡትን አትፈርሙ፤ በአማርኛ ይነበብልን በሉ፤ ነገ እንመልሳለን በሉ። ይህ ነውር አይደለም። ሁለተኛ፣ ልጃችሁ የሚውልበትንና የሚያድርበትን ቦታ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ አልጋውን እዩ፤ ማታ የት እንደሚገባ ጠይቁ። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ የወሰናችሁትን ሁሉ ለምን እንደወሰናችሁ ለልጁ በአፋችሁ፣ በቋንቋችሁ ንገሩት። ብታለቅሱም እያለቀሳችሁ ንገሩት። እኛ ዝምታችን ፍቅር መስሎን ነበር፤ ልጃችን ግን የሰማችው ሌላ ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላል ያገራችን ሰው። ድር የሚያብረው ግን መጀመሪያ ሳይበጠስ ሲፈተል ነው። የተበጠሰም ቢሆን ጫፉና ጫፉ ከተገኘ ይቀጠላል፤ ፈታይ ሁሉ ይህን ያውቃል። እኛን ሠላሳ አራት ዓመት ፈጀብን፤ እናንተን በሠላሳ አራት ቀን ይሁንላችሁ።

ቸር ያሰማን።